ኢንጂነር ሆናችሁ ሹመት ቢመጣላችሁ

ይህን የምጽፈው ሲቪል ምህንድስና ተምረው፣ ሳይት ላይ ዓመታት ሠርተው፣ አሁን ሹመት ለቀረበላቸው ሰዎች ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የማውቃቸው ልጆች እየደወሉ "ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?" ይሉኛል። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ያለፍኩበትን ቁጭ ብዬ ልጽፈው አልኩ።

መሐንዲስ ሚኒስትር ሲሆን ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የተማሩት ሲቪል ምህንድስና ነው። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን፣ ቀጥሎም የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴርን መሩ፤ በ2016 ወደ መከላከያ ተመለሱ። በ2011 ያን ዜና ስሰማ ሳይት ላይ ነበርኩ። በጣም ነው የኮራሁት።

እኔ እስከዚያ አልደረስኩም። የአንድ ክልል ቢሮ ምክትል ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በመጨረሻም ምርመራ ደርሶብኝ፣ ነፃ ወጥቼ፣ ከኃላፊነት ተነሥቼ ወደ ሙያዬ ተመልሻለሁ። ደረጃው ይለያይ እንጂ መሐንዲስን የሚፈትነው ነገር ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 74 ሚኒስትር ከምክር ቤት አባላት ብቻ ሳይሆን ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎችም ሊመረጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካጸደቀው ይሾማል። ስለዚህ ጥሪው ወደ እናንተም ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ ዝግጁ ሁኑ።

የተማርኩት ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ እኛ ፖሊ የምንለው ነው። ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት በፎገራ ሜዳ ጠርዝ በሚያልፍ መንገድ ላይ ነበር። ፎገራን የሚያውቅ ዋልካን፣ ያን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ያውቃል። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ዝም ብሎ በላዩ መንገድ የሠራ ሰው በሁለተኛው ክረምት የተሰነጠቀ አስፋልት ያገኛል። መፍትሔው ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ብር ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉም ሜዳው ራሱ ሐይቅ ይሆናል።

እዚያ አለቃችን የነበሩትን ሬዚደንት ኢንጂነር (ሳይት ላይ ተቀምጦ ሥራውን የሚቆጣጠር የአማካሪው መሐንዲስ) ጋሼ ነበር የምንላቸው። አዲስ ልጅ ሲመጣ "መጀመሪያ ዲዛይኑን አስቀምጪና ሽማግሌ ጠይቂ። ነሐሴ ላይ ውኃው በየት እንደሚሄድ ያሳዩሽ" ይሉ ነበር። ጋሼን ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሹመቱ የተነገረኝ በስልክ ነው። እስከ ነገ መልስ ስጪ ተባልኩ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንቸኩላለን። አንድ ቀን ለማሰብ በቂ አይደለም፤ ግን ለመጠየቅ ይበቃል። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ስለ መኪና ወይም ስለ ቤት አይሁን። "ከእኔ በፊት የተጀመሩት ፕሮጀክቶች በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?" በሉ። ሁለተኛ፣ የግዥ ውሳኔ ማን ጋር እንደሆነ፣ የእናንተ ፊርማ የት ላይ እንደሚያርፍ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ስትነሡ ወደ ቀድሞው የሥራ መደባችሁ መመለስ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። "ስትነሡ" ማለቴ አይግረማችሁ። የገባ ሁሉ ይወጣል።

ዜናው እንደተሰማ ስልኬ "ሹመት ያዳብር!" በሚል መልእክት ተሞላ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን እዚያው መሐል ያቺ የታወቀች ተረት በሳቅ መልክ መጣች፦ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል"። የላከልኝ ሰው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ለቤተሰቤ በግልጽ ተናገርኩ፤ በዚህ ቤት ለዚህች ተረት ቦታ የለም አልኩ። የምትሾሙ ሰዎች፣ ይህን ንግግር ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት አድርጉት። ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ዘመድ፣ ሁሉም ይስማ። ኋላ ላይ "አንድ ሰው አስገቢልኝ" የሚል ሲመጣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል። ሀብታችሁንም ሳትጠየቁ በጊዜ አስመዝግቡ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ 668/2002 ያስገድዳል። የሚያስገድደው ባይኖር እንኳ እኔ አስመዘግብ ነበር፤ ስትገቡ ምን እንደነበራችሁ የሚናገር ሰነድ ስትወጡ ጠበቃችሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስብሰባ ይበላቸዋል። እንዳይበላቸው ተጠንቀቁ። የውሎቹን ዝርዝር አስቀርባችሁ አንድ በአንድ እዩ። የውሉ ዋጋ ስንት ነው? ምን ያህል ተከፍሏል? በአገራችን የመንግሥት ግዥ ለኮንትራክተር እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይሰጣል። ያ ብር ከየክፍያው እየተቀነሰ መመለስ አለበት። ስንት ተመልሷል? ከሁሉም በላይ የቅድመ ክፍያውና የመልካም ሥራ አፈጻጸሙ ዋስትና መቼ ነው የሚያበቃው? ጊዜው ያለፈበት ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው። እኔ እንዲህ ሳገላብጥ ሊያበቃ ቀናት የቀሩት የባንክ ዋስትና አገኘሁ። በዚያው ሳምንት እንዲራዘም አደረግን። ማንም አላመሰገነኝም፤ ማንም አላወቀም። ግን ያ ኮንትራክተር ከወራት በኋላ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ የመንግሥት ገንዘብ የተረፈው በዚያች ደብዳቤ ነው።

ከዚያ የበጀት ነገር አለ። ይህን ሳይት ላይ ሳለሁ ጨርሶ አልገባኝም ነበር። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። አዲስ በጀት በእጃችሁ የሚገባው ጣና ዙሪያ ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያ ጊዜ አፈር አይቆረጥም፣ አስፋልት አይነጠፍም። ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ኮንትራክተሩ ማሽን ሲያስገባ ጥር ይደርሳል። ከጥር እስከ ግንቦት ያለችው በጋ ናት ዓመቱን ሙሉ የምትሸከመው። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ ስለሚሆን ሁሉም ሰው ክፍያ ለማስፈረም ይሯሯጣል።

ሰኔን ፍሩት። ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ተብሎ የክፍያ ሰርተፊኬት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወር ነው። እኔ የወሰድኩት መፍትሔ ቀላል ነበር። ዲዛይንና የጨረታ ሰነድ ከሚያዝያ በፊት እንዲያልቅ፣ ጨረታው በክረምቱ እንዲካሄድ፣ ኮንትራክተሩ መስከረም እንዳለፈ ሳይት እንዲረከብ አደረግን። ለሁሉም ፕሮጀክት አልተሳካም። በተሳካባቸው ላይ ግን ሁለት ወር ተኩል ያህል በጋ አተረፍን። አንድ መሐንዲስ በሹመት ላይ ሊሠራ ከሚችለው ጠቃሚ ሥራ ይህ አንዱ ነው እላለሁ። ቀን መቁጠሪያን ከአየሩ ጋር ማስታረቅ የፖለቲካ ሰው አይመጣለትም፤ ለእኛ ግን ይታየናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ አንድ መንገድ ለመጎብኘት ሄድን። መኪና በመኪና ላይ፣ ካሜራ፣ የወረዳ ሰዎች። ቦክስ ከልቨርቱ (በመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው የኮንክሪት መተላለፊያ) ጋ ስንደርስ ዓይኔ የክንፍ ግድግዳው፣ በአፉ ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ፣ ላይ አረፈ። አጥሮ ታየኝ። ለኮንትራክተሩ ሥራ አስኪያጅ "ይሄ ቢረዝም፣ ወደ ታችም ድንጋይ ቢነጠፍለት ጥሩ ነው" አልኩት። "እሺ ኢንጂነር" አለ። እንደ ድሮው ሳይት ላይ የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። "የቢሮው ኃላፊ ባዘዙን መሠረት" ብሎ ተጨማሪ ሥራ ሠርቻለሁ ይላል፤ ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። የታየኝ ነገር በምህንድስና ትክክል ሊሆን ይችላል። በውል ግን አይደለም። በትልልቅ መንገዶች ላይ የምንሠራበት የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ውል የማዘዝ ሥልጣን የሚሰጠው ለአማካሪው መሐንዲስ ነው፤ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም አማካሪው ራሱ በቃል ቢያዝ እንኳ ኮንትራክተሩ ያን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ አማካሪው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ትዕዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። የይገባኛል ጥያቄ ያለው ኮንትራክተርም ጉዳዩን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ጎበዝ ኮንትራክተር ይህን በቃሉ ያውቀዋል። እናንተም እወቁት።

አማካሪው ድርጅት የመደባቸው ሬዚደንት ኢንጂነር ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሼ ናቸው። የፎገራው አለቃዬ። በሰው ፊት "ክብርት ኃላፊ" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ በአፍረት መሬት ልገባ እደርሳለሁ። ያን ቀን ግን መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን "ልጄ" አሉኝ። "ልጄ፣ አሁን አንቺ መሐንዲስ አይደለሽም፤ አሠሪ ነሽ። ሳይት ላይ ስትመጪ ጠይቂ እንጂ አትዘዢ። የታየሽን ቢሮ ገብተሽ ጻፊልኝ። እኔ ስሌቱን አይቼ ካመንኩበት አዛለሁ፤ ካላመንኩበት ለምን እንዳላመንኩ እጽፍልሻለሁ። ያኔ አንቺም እኔም እንድናለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሬ ተቀየረ። ሳይት ላይ የማየውን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ አብሮኝ የነበረውን ሰው ጭምር። በዚያው ሳምንት ለአማካሪው ደብዳቤ ይሄዳል። ደብዳቤው ትዕዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ "ይህ ግድግዳ ለሚጠበቀው የጎርፍ መጠን በቂ መሆኑን ስሌቱን አያይዛችሁ ግለጹልን።" ብታምኑም ባታምኑም ሙያችሁ የበለጠ የሚሠራው እንዲህ ስትጠይቁ ነው። መልስ የሌለው ዲዛይን በአንድ ጥሩ ጥያቄ ይጋለጣል። ድሮ አለቆቻችሁ የነበሩ ሰዎች ከሥራችሁ ቢገኙም አትሽሹአቸው። እውነቱን የሚነግራችሁ ሰው ከሹመት በኋላ በጣም ጥቂት ነው።

ሌላው ፈተና የወሰን ማስከበር፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት ማስለቀቅ፣ ነው። ኮንክሪት ፕሮጀክት አያቆምም፤ ያልተከፈለ ካሳ ግን ያቆማል። አዋጅ 1161/2011 ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲመከር ይላል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ሳያገኝ በቋሚነት ለሚፈናቀል አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። ይህን ሳይከፍሉ ማሽን ማስገባት ሕገ ወጥ ነው፣ ግፍም ነው። የሚከፈለው ብር በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው መካተቱን ካላረጋገጣችሁ አትፈርሙ።

በአንድ መንገድ ላይ "ከጥር በፊት ግሬደር ይግባ" የሚል ጫና ነበር። ከገበሬዎቹ ጋር ለመነጋገር ሄድኩ። ሁሉም ስለ ካሳ ተናገሩ፤ ትክክልም ነበሩ። አንዲት እናት ግን መጨረሻ ላይ ተነሡና "ልጄ፣ ብሩንስ ለልጆቼ ስጪ። ውኃውን ግን ለማን ትሰጭዋለሽ?" አሉኝ። መንገዱ ከፍ ብሎ ሲሠራ ነሐሴ ላይ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መውጫ ያጣል፤ ማሳቸው ላይ ይተኛል ማለታቸው ነው። ዲዛይኑ ላይ ፓይፕ ከልቨርት ያለው ከዚያ ራቅ ብሎ ነበር። ቅየሳው የተሠራው በበጋ ነው።

ለአማካሪው ጻፍኩ። ቀያሾቹ ተመልሰው ለኩ። ሴትዮዋ ያሳዩት ቦታ በእርግጥም ዝቅ ያለው ነበር። ተጨማሪ ከልቨርት በቫሪየሽን ኦርደር (በሥራ ለውጥ ትዕዛዝ) እንዲገባ ተወሰነ፤ ካሳውም እስኪከፈል ተጠበቀ። በግምገማ ላይ ግን "ፕሮጀክት አጓታች" ተባልኩ። በሰው ፊት እንዲህ መባል ያማል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በተከታዩ ክረምት ውኃው በዚያ ከልቨርት አለፈ፤ ማሳዎቹም አልተጎዱም። ይህን የዘገበ ጋዜጠኛ የለም፤ አይጠበቅምም። በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ሁሉም ያየዋል፣ ይገባዋልም። ዲችና (የመንገድ ዳር የውኃ ቦይና) ከልቨርትን ግን የሚያየው ማሳው የዳነለት ሰው ብቻ ነው። ለእሱ መሥራት ካልቻላችሁ ሹመቱ ይቅርባችሁ።

በጣና ዳር ለሚሾም ሰው አንድ ጉብኝት እመክራለሁ። ጨረጨራ ሂዱ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት የመቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠራ። በ1993 ጢስ ዓባይ ሁለት የተባለው ጣቢያ ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ብዙ ውኃውን አጣ። በ1995 ሐይቁ በጣም ዝቅ አለ። ድርቅም ነበር፣ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃም ነበር፤ ጀልባና መርከብ መንቀሳቀስ ተቸገረ። በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በዋሻ ውኃ ከሐይቁ መውሰድ ጀመረ። መብራቱ ለአገር ያስፈልግ ነበር፤ አልክድም። ግን በእያንዳንዱ ውሳኔ ዓሣ አጥማጁ፣ ባለ ታንኳው፣ በፏፏቴው እንግዳ አስጎብኝቶ የሚያድረው ወጣት ተነክቷል። እኛ መሐንዲሶች የውሉን ወሰን እናያለን። ባለሥልጣን ስትሆኑ ከወሰኑ ውጭ ያለውም የእናንተ ነው።

ምርመራው የመጣው ሳልጠብቀው ነው። ያ የክንፍ ግድግዳ ተጨማሪ ክፍያ ተነሣ። "ከኮንትራክተሩ ጋር ምን ግንኙነት አለሽ?" ተባልኩ። የከልቨርቱም ለውጥ ተጠየቀ። ወራት ፈጀ። ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ቀነሰ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰው ምን እንደሚላት እያሰብኩ እጨነቅ ነበር።

ያወጣኝ ወረቀት ነው። ጋሼ ግድግዳውን በተመለከተ በዚያው ሳምንት ለኮንትራክተሩ ጽፈው ነበር፤ ሥራው በውሉ ነጠላ ዋጋ ብቻ እንዲለካ፣ የጊዜ ጭማሪ እንደማይሰጠው የሚል። ከልቨርቱ ላይ የቅየሳ ውጤት፣ ስሌት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የአማካሪው ትዕዛዝ፣ ሁሉም በመዝገብ ቁጥር ተገኘ። የሀብት ምዝገባዬም እንደነበረው ነበር። ነፃ መሆኔ በደብዳቤ ተገለጸልኝ። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ ምደባ ከኃላፊነት ተነሣሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በመጀመሪያው ቀን የሕግ ባለሙያ አማክሩ። በንዴት አትመልሱ። በቃል ከመመለስ ይልቅ የመዝገብ ቁጥር ጥቀሱ። የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ወደ ቤት አትውሰዱ፤ የራሳችሁ ደብተር ግን የራሳችሁ ነው። ለትዳር ጓደኛችሁ ሁሉንም ንገሩ። እኔ ቤት ውስጥ ዝም ያልኩባቸው ሳምንታት ከምርመራው በላይ ጎድተውናል።

ከሹመት በኋላ ላለው ኑሮም ገና ተሿሚ ሳላችሁ ተዘጋጁ። የሙያ ፈቃዳችሁን በየጊዜው አሳድሱ። ሶፍትዌሩ ይለወጣል፣ የነጠላ ዋጋው ይለወጣል፤ ቅዳሜ ጠዋትም ቢሆን ከሙያው አትራቁ። በመንግሥት መኪናና ቤት ላይ የልጆቻችሁን ትምህርት አታቅዱ፤ ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ ይመለሳሉ። እኔ ልጆቼን መጀመሪያም በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነበር ያስገባኋቸው። ስነሣ ለእነሱ ምንም አልተቀየረም።

ርክክቡን በጥንቃቄ ሠራሁት። የውሎቹን ዝርዝር፣ የቀረ ቅድመ ክፍያን፣ ዋስትና የሚያበቃበትን ቀን፣ ያልተከፈለ ካሳን፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት መጠረግ ያለባቸውን ዲቾች ጽፌ ለተተኪዬ በፊርማ አስረከብኩ። እሱም መሐንዲስ ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ ባለፈው የደወለው የአንድ ባንክ ዋስትና ሊያበቃ ነው ብሎ ነበር። አስራዘመው።